ዘጠና አንደኛው

ምክር ቤቱ የአምስት ዓመት ዘመኑን በሚጨርስበት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ የሕዝብ ተወካይ ወደ አዳራሹ የሚያወጣውን ደረጃ ትቶ ወደ ምድር ቤት የሚያወርደውን ያዘ። መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ስልኩን አጠፋ። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን የብረት በር ከፍቶ መዝገብ ቤት ገባና በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው።

በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ፊሽካ ነው የሚለው። ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የስፖርት መምህር፣ በየእሁዱ ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። አንድ ጊዜ በገዛ አማቱ ቡድን ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ ሚስቱ አንድ ወር ሙሉ እንዳኮረፈችው አገር ያውቃል። የወንዝ ዳር ሰዎች የመረጡት በዚያ ነው፤ "ለአማቱ ያላጎበደደ ለማን ያጎበድዳል?" ብለው። ምክር ቤት ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን ነፍቶ አያውቅም።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከመደርደሪያዎቹ መካከል ብቅ አለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሹራቧን በክረምትም በበጋም የማታወልቅ ሴት ናት። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

"የተከበሩ፣ መጸዳጃ ቤቱ በስተቀኝ ነው" አለች።

"መጸዳጃ ቤት አይደለም የምፈልገው።"

"እንግዲያው ሊደበቁ ነው የመጡት።"

ፊሽካ ዞሮ በሩ መዘጋቱን አየ።

"ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል። ያቺ ወንበር አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ወደ ግድግዳው ያስጠጓት። ከእርስዎ በፊት ስድስት ተወካዮች ተቀምጠውባታል። አንደኛው እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ ነው የተያዘው።"

ወንበሯን አስጠግቶ ተቀመጠ። ክፍሉ መስኮት የለውም። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ በወረቀት ታጭቋል፤ የጸደቁ ሕጎች በአንድ ወገን፣ የወደቁ በሌላ ወገን፣ ከመካከል ደግሞ ተጀምረው የቀሩ። አየሩ የእርጥብ ካርቶን ሽታ አለው። ፊሽካ ክራቫቱን ላላ አደረገና ሰዓቱን አየ። ምክር ቤቱ ለምሳ እስኪበተን ሦስት ሰዓት፣ ጨርሶ እስኪበተን ደግሞ ስምንት ሰዓት ይቀረዋል።

እዚህ ያደረሰው ነገር የጀመረው ከአሥራ አንድ ወር በፊት ነው። የወንዝ ዳርቻዎች ጥበቃ ረቂቅ አዋጅ ለመጀመሪያ ንባብ ሲቀርብ ፊሽካ እጁ እስኪቃጠል ካጨበጨቡት አንዱ ነበር። ረቂቁ አጭርና ግልጽ ነበር፤ የቆዳና የቀለም ፋብሪካዎች ዝቃጫቸውን ወንዝ ውስጥ እንዳይለቁ ይከለክላል። በመጀመሪያ ንባብ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ርእሱ ይነበባል፣ ዓላማው ይብራራል፣ ከዚያ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ፊሽካ የዚያ ኮሚቴ አባል ነበር።

ሕግ የሚሠራው አዳራሽ ውስጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አዳራሹ ጋ ሲደርስ እኮ ዳቦው ተጋግሮ አልቋል። የሚቦካው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ልክ በማይገጥም ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ሦስት ሰዎች ሞላላ ጠረጴዛ ከበው ሻይ ሲጠጡ ነው። እዚያ ከአንዱ አንቀጽ አንድ ቃል ይነሣል፣ በሌላው ላይ ሁለት ቃል ይጨመራል። የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር መጥቶ አስተያየት ሰጠ፤ በሳምንቱ ለነባር ፋብሪካዎች የሃያ ዓመት የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው። "ታዲያ ሕጉ ማንን ሊይዝ ነው?" ብሎ አንድ አባል ጠየቀ። ለጥያቄው መልስ እንዲሆን አዲስ ንዑስ አንቀጽ ገባ፦ ከወንዝ ዳር በሰማንያ ሜትር ውስጥ የሚገኝ ማናቸውም ኢመደበኛ የማምረት ሥራ አዋጁ ከጸና ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ይነሣል።

የፊሽካ ታላቅ እህት ጡብ ሠሪ ናት። ቦታዋ ከወንዙ አርባ ሜትር ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ጭቃ ረግጣ፣ ጡብ ቀርጻ፣ እቶን ለኩሳ ነው ያስተማረችው። በዚያ ዳርቻ እንደሷ ያሉ አራት መቶ አባወራና እማወራ አሉ። ጭቃው ሌላ ቦታ የለም፤ ውሃውም የለም።

ንዑስ አንቀጹ በተነበበለት ቀን፣ ፊሽካ በዕረፍት ሰዓት ተጠሪውን ፈልጎ ያዘው። ተጠሪው የገዢው ፓርቲ አባላት መገኘታቸውንና ባንድ ድምፅ መወሰናቸውን የሚከታተል ሰው ነው፤ ለስላሳ አነጋገር፣ ንጹሕ ጥፍር፣ የሁሉንም ልጆች ስም በቃሉ የሚያውቅ።

"ተረጋጋ እንጂ ወንድሜ" አለው ትከሻውን ይዞ። "ዝርዝሩ በመመሪያ ይስተካከላል። የእህትህን ዓይነቶቹን መመሪያው ያወጣቸዋል። አንተ ሪፖርቱን ፈርም፣ ሥራው አይጓተት።"

ፈረመ። መመሪያ የሚወጣው ሕጉ ከጸደቀ በኋላ መሆኑን፣ የሚያወጣውም ምክር ቤቱ ሳይሆን ሚኒስቴሩ መሆኑን ያሰላሰለው ከፈረመ በኋላ ነው። ሚኒስቴሩ ምንም ባያወጣስ? ይህን ሲጠይቀው ተጠሪው ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ወሬው ወንዝ ዳር ለመድረስ አንድ ወር አልፈጀበትም። እህቱ ደወለች።

"እጅህን ልታነሣላቸው ነው አሉ" አለችው።

"እታለም፣ ነገሩ ውስብስብ ነው።"

"እኔ ሕግ አላውቅም። አንተ እዚያ ስትቀመጥ እኛ የተቀመጥን መስሎን ነበር። ታነሣለህ ወይስ አታነሣም?"

"አላነሣም።"

"በኔ ሞት?"

"በአንቺ ሞት።"

በማግስቱ ተጠሪው ቢሮው ድረስ መጣ። የሰማው ነገር ይኖር ይሆን? "በኮሚቴ ፈርመህ በምክር ቤት ብትቃወም ሰው ምን ይልሃል?" አለው። "ለሚቀጥለው ምርጫ ስምህ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁህ። አታሳፍረኝም አይደል?" ፊሽካ "አላሳፍርህም" አለ። ለሁለቱም እሺ ያለ ሰው የሚሄድበት መንገድ ስለሌለው ምድር ቤት ወረደ።

ተቃዋሚዎቹን የሚመራው ሽማግሌ ቀድሞ ጠበቃ ስለነበር ሁሉም ጠበቃው ነው የሚሉት። እሱም ትናንት ኮሪደር ላይ አስቁሞት ነበር። "ነገ ከኛ ወገን አንድም ሰው አይቀርም" ብሎታል። "ከእናንተ ስንቱ እንደታመመ፣ ስንቱ ውጭ አገር እንዳለ ቆጥረናል። ጥቂት ሰው ካገዘን ይወድቃል። ዛሬ ካልጸደቀ ደግሞ ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር አብሮ ይሞታል፤ የሚመጣው ምክር ቤት ከአንድ ነው የሚጀምረው።" ፊሽካ ለእሱም ራሱን ነቅንቆለታል። እሺ ይሁን እንቢ ያልለየለት ንቅናቄ።

ከላይ ደወሉ ጮኸ። ድምፁ በውሃ ቧንቧው ላይ ተንቀጥቅጦ ወረደ።

"አራት ሰዓት ከሩብ" አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። "ለሁለተኛ ንባብ እየጠሩ ነው።"

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ።

"ዛሬስ ደወሉ በዛ" አለች። "ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ ሁለቴ ነበር የሚደወለው።"

"እኔን ነው የሚፈልጉት።"

"እንግዲህ አይቆጡኝና፣ ለአንድ ሰው ይሄን ሁሉ አይደውሉም።"

ይህን እንዳለች በሩ ተንኳኳ። ፊሽካ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት መደርደሪያ መካከል ገባ። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ አፍንጫው በ"ተጀምረው የቀሩ" ላይ ተለጠፈ። የአዳራሹ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ነበር፤ ደረጃ ሮጦ የወረደ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

"ተወካይ አላየሽም? ፊሽካ የሚሉት።"

"እዚህ ያለነው እኔና አይጦቹ ነን" አለችው። "ከአይጦቹም ተወካይ የሆነ የለም።"

"ካገኘሽው ባስቸኳይ ውጣ በይው። ተጠሪው ቁና ቁና እየተነፈሰ ነው።"

በሩ ተዘጋ። ፊሽካ ከመደርደሪያዎቹ መካከል ሲወጣ ጥቁሩ ኮቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ውሸቱን እሱ ቢዋሽ ይሻለው ነበር። አንዲት ምንም ያላደረገች ሴት፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት የቀራት፣ ለእሱ ብላ ዋሸች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ።"

"ኧረ ምንም አይደል። ለሌሎቹም ዋሽቻለሁ።"

ፊሽካ ወደ ወንበሯ ተመለሰ። እሷ ማኅደሮች ላይ ቁጥር መጻፏን ቀጠለች። እሱ ጣራውን አየ፤ ወለሉን አየ። እንዲያው ለመናገር ያህል፣ "ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አላት።

"ቃለ ጉባኤ ነው። ከአዳራሹም ከኮሚቴውም። የተከበሩ አባላት ያሉት ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ በየስማቸው ተለይቶ ይቀመጣል።"

"የእኔም አለ?"

"የእርስዎ አይኖርም ብለው ነው?"

"እስቲ አሳይኝ።"

መሰላሉን ገፍታ ሄደች። የጠበቃውን ስም የያዙ ሰባት ወፋፍራም ማኅደሮችን አልፋ፣ ከጎናቸው እንደ ደብተር የሳሳ አንድ ነገር ስባ አወጣች። አቧራውን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ሰጠችው።

ጠቅላላ አራት ገጽ ነበር። ፊሽካ መነጽሩን አደረገ። በአምስት ዓመት ውስጥ "እስማማለሁ" ያለባቸው አሥራ አራት ቦታዎች ተመዝግበዋል። "ከእኔ በፊት የተናገሩት ተወካይ ሐሳቤን ስለወሰዱት አልደግመውም" የሚል ሦስት ጊዜ። "መስኮቱ ቢዘጋልን" የሚል አንድ ጊዜ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ንዑስ አንቀጽ የገባበት ቀን ነበር። ከስሙ ትይዩ እንዲህ ተጽፏል፦ "አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ግን ይለፈኝ።"

ደጋግሞ አነበበው። ጥያቄው ምን እንደነበር ያስታውሳል። "ሰዎቹስ የት ይሄዳሉ?" ነበር። ሦስት ቃል። አፉ ውስጥ አድርሶ ነው የመለሰው፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሰዎቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር።

"አባል ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን የምናጠናቅረው ከዚሁ ነው" አለች ሴትዮዋ፣ ለወሬ ያህል። ፊቱን ስታየው ግን ደነገጠች። "ኧረ እርስዎ ገና ነዎት! እኔ እንዲያው…"

"ግድ የለም።"

ማኅደሩን አጥፎ መለሰላት። ተነሣ። መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

"ልወጣ ነው" አላት። "ብንሸነፍም እንሸነፍ። አንድ ቦታ ላይ 'አልስማማም' የሚል ይጻፍልኝ።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ላይ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃሉ?"

"ሙሉ ነው። ጠበቃው አንድም አይቀርም ብሎኛል።"

"ስልክዎን ከፍተው ቢጠይቁስ?"

"ስልኬን ከከፈትኩት መጀመሪያ የሚደውለው ተጠሪው ነው። ድምፁን ከሰማሁ እሺ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ይህ ወኔ እስከ ደረጃው ጫፍ ቢያደርሰኝ ነው።"

ኮቱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አቧራውን አራገፈችለት፤ ክራቫቱን አቀናችለት። "በሉ ይቅናዎት" አለችው። "እኔ ራሴ ነኝ ማኅደርዎ ውስጥ የማስገባው።"

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። የአዳራሹ ትልቁ በር አንዱ ተካፋች ክፍት ነበር፤ ከአጠገቡ ያ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ቆሟል። ፊሽካን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እጁን ዘርግቶ ሊስመው ምንም አልቀረው። ፊሽካ አልፎት ገባ። ከኋላው በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማው።

መጀመሪያ ያየው ተጠሪውን ነው። ተጠሪው ከፊት ወንበር ዞሮ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አፈ ጉባኤው ከመድረኩ ላይ ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሰሙና ማይክሮፎናቸውን ከፈቱ።

"ዘጠና አንድ" አሉ። "ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው ተጀምሯል።"

ፊሽካ ያኔ ነው ወደ ግራ የዞረው። ተቃዋሚዎቹ የሚቀመጡበት የግራው ወገን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። ወረቀቶች በየጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ የተረሳ ኮፍያ አለ፤ ሰው ግን የለም። ከራሱ ወገን፣ ልቡ ከእሱ ጋር እንደሆነ የሚያውቃቸው የአራቱም ወንበር ባዶ ነው።

ምክር ቤቱ መቶ ሰማንያ አንድ መቀመጫ አለው። ድምፅ ለመስጠት ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት። ግማሹን የሚያሳልፈው ዘጠና አንደኛው ሰው ነው። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው።

ወደ በሩ ተመለሰ። አስከባሪው በትሕትና፣ ግን ደረቱን ገትሮ ቆመበት።

"ክፈትልኝ።"

"አይቻልም የተከበሩ። ከተቆጠረ በኋላ ድምፅ እስኪሰጥ በር አይከፈትም። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።"

ዞሮ እጁን አነሣ። "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!"

አፈ ጉባኤው ዕድል ሰጡት።

"እኔን አትቁጠሩኝ" አለ ፊሽካ። "የገባሁት ሳላውቅ ነው። አልተገኘሁም ተብሎ ይመዝገብልኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አፈ ጉባኤውም ፈገግ አሉ። "የተከበሩ አባል፣ 'የለሁም' ብለው ለመናገር የቆሙ የመጀመሪያው ሰው ነዎት" አሉ። "አዳራሽ ውስጥ ያለ አባል ቢደግፍም ቢቃወምም ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርግም ይቆጠራል። በረቂቁ ላይ አስተያየት ካለዎት ሦስት ደቂቃ አለዎት።"

ካሜራው ወደ እሱ ዞረ። ቀይዋ መብራት በራች። ፊሽካ የያዘው ወረቀት አልነበረም። እህቱ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ፊደል እንዳስቆጠረችው ተናገረ። በዚያ ዳርቻ የተቀረጸ ጡብ በስንት ትምህርት ቤት ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ተናገረ፤ ምናልባትም በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ። ወንዙን ያጠቆረው ጭቃ ረጋጭ ሳይሆን ቀለም ነካሪ መሆኑን፣ ቀለም ነካሪው ሃያ ዓመት ሲሰጠው ጭቃ ረጋጯ ስድስት ወር እንደተሰጣት ተናገረ። "ሰዎቹስ የት ይሄዳሉ?" አለ በመጨረሻ፣ እና ጊዜው አለቀ።

ማንም አልሳቀም። ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ጠረጴዛቸው አቀረቀሩ። ከዚያ አፈ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡን አሰሙ። ሰማንያ ሰባት ድጋፍ፣ ሦስት ድምፀ ተዓቅቦ። "የሚቃወሙ?" ሲባል አንድ እጅ ብቻ ተነሣ። እጁን ከሚገባው በላይ አቆየው፤ ጸሐፊው ጽፎ ከጨረሰም በኋላ። ቢያወርደው የሚያልቅ መሰለው። አወረደው፤ አለቀ።

በሩ ሲከፈት ተጠሪው ከኋላው መጥቶ ክንዱን ያዘው። ፊሽካ ስድብ ጠብቆ ነበር።

"በመቃወምህ አልተቀየምኩህም" አለው ተጠሪው፣ ከልቡ። "ለደንቡ ያህል ከፓርቲው የስንብት ደብዳቤ ይደርስሃል፤ እሱ የታወቀ ነው። ግን ገብተህልኛል። እሱን አልረሳልህም።"

ውጭ፣ ከደረጃው በታች፣ ጠበቃውና ሰዎቹ ቆመው ነበር። ጠበቃው ፊሽካን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

"ምን ጋኔን አስገባህ?" አለው። "ጠዋት ስንቆጥር ውጭ አገር የነበሩትን ሦስቱን በሌሊት አውሮፕላን አስመጥተዋቸዋል። በድምፅ እንደምንሸነፍ ስናውቅ ጥለን ወጣን። ዘጠና ሆነው ቀሩ። እስከ ማታ እዚህ ቆመን ብንጠብቅ ሕጉ ሞቶ ነበር።"

"ጋሼ፣ አላወቅሁም።"

"እንዴት አታውቅም? አንድ መቶ ጊዜ ደወልንልህ!"

ፊሽካ ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። መልእክቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ገቡ። የመጀመሪያው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የተላከ ነበር፦ "ወጥተናል። የትም ብትሆን እዚያው ቆይ፤ እንዳትገባ።" ከዚያ ወዲህ የመጡትን አላነበባቸውም።

ጠበቃው አልተሳደበም። አንዴ አየውና፣ "ሂድ፣ እህትህን ጠይቃት" ብሎት ወደ መኪናው ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ በአውቶቡስ ወደ ወንዝ ዳር ተጓዘ። ሊናገር ነበር የሄደው። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰላ፣ ከየት እንደሚጀምር ሲለዋውጥ ዋለ። አውቶቡሱ ሲቆም ግን መናኸሪያው በሰው ተጥለቅልቆ አገኘው። ሦስቱ ደቂቃ በቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ታይቶ ኖሯል። በር ላይ እንደታየ ሰዎች ተሻምተው አወረዱት፤ መሬት ሳይነካ ትከሻ ላይ አወጡት። "ብቻውን! ብቻውን!" ይላሉ። በዳኝነት ዘመኑ አንድ ቀን ድንጋይ የወረወረበት ሰውዬ እያለቀሰ እግሩን ሳመው።

"ስሙኝ" አለ ፊሽካ። "አንድ ነገር ልንገራችሁ…"

"ምን ትነግረናለህ፣ በዓይናችን አይተን!" አሉት።

እህቱ እዚያ አልነበረችም። ወንዝ ዳር፣ የደረቀ ጥሬ ጡብ እቶን ውስጥ ስትደረድር አገኛት። ቀና ብላ አየችው፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

"ከሳህ" አለችው። "አየንህ በቴሌቪዥን። ጥሩ ተናገርክ።"

"እታለም፣ ባልገባ ኖሮ ሕጉ ይወድቅ ነበር።"

"እንዴት?"

"ቡድን ሰባት ተጫዋች ካላሟላ ጨዋታ የለም። ስድስት ነበሩ። ሰባተኛ ሆኜ የገባሁላቸው እኔ ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ምድር ቤቱን፣ ስልኩን፣ መቀርቀሪያውን። ተጠሪው ያለውንም ሳይደብቅ ነገራት።

አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ በእጇ የነበረውን ጡብ ቦታው ላይ አስቀመጠችና ጭቃውን ከመዳፏ በቀሚሷ ጠረገች።

"እዚህ ይሄን የሚያውቅ አለ?"

"የለም። አሁን ሄጄ ልነግራቸው ነው።"

"አትነግራቸውም።"

"እታለም፣ እየተሸከሙኝ እኮ ነው! እንዴት ብዬ…"

"ነግረህ አንተ ይቀልልሃል። እነሱስ? ስድስት ወር ነው ያላቸው። 'አንድ ሰው አለን' ብለው ነው የሚያድሩት። ቦታውን መንግሥት ይወስድባቸዋል፤ እሱን ደግሞ አንተ ልትወስድባቸው ነው?"

"ውሸት ነው።"

"ውሸት አይደለም፤ ተቃውመሃል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።" ጎንበስ ብላ ሌላ ጡብ አነሣች። "እኔም አለሁበት፤ 'እጅህን አታንሣ' እንጂ 'አትግባ' አላልኩህም። በል ሂድ፣ ሰዎቹ ይጠብቁሃል። ፊትህን ታጠብ።"

ታጥቦ ሄደ። ጡብ ክምር ላይ አቆሙትና ንግግር አድርግ አሉት። አደረገ።

በምርጫው ገዢው ፓርቲ ስሙን ሰርዞ ስለነበር በግል ተወዳድሮ ከአሥር ሰው የስምንቱን ድምፅ አገኘ፤ በወረዳው ታሪክ እንዲህ ያሸነፈ የለም። ቡልዶዘሩ ከምርጫው ሁለት ወር በኋላ መጣ። መመሪያ የሚባል ነገር አልወጣም። እህቱ እቶኗ ሲፈርስ እዚያው ቆማ አየች፤ ከዚያ ዕቃዋን በአንድ ጋሪ ጭና እሱ ቤት ገባች። በስተጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጣት። ሥራ የለመደ ሰው ስለሆነች ማለዳ ተነሥታ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ሳይቆሽሽም ትጠርገዋለች።

ፊሽካ ከምክር ቤት ዕረፍት ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሻይ ታቀርብላቸዋለች። ተቀምጠው ስለ ኑሮው ይጫወታሉ፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ቦታ ስላጡት፣ ከተማ ገብተው ስለቀሩት። ከዚያ አንዱ ሁልጊዜ፣ "ያን ዕለት ግን፣ ብቻህን እጅህን ስታወጣ…" ብሎ ይጀምራል። እህቱ ያኔ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሥታ ትወጣለች። እሱ የቤቱ ባለቤት ስለሆነ ይቀመጣል፤ እስከ መጨረሻው ይሰማል።